ከጎረቤት ግድግዳ የተጠጋው ዓምድ

ሐረር ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ባለ ፎቅ ሱቅ አለ። ሰዎች ቀና ብለው እያዩ «ይህን ያህል ዘመን እንዲህ ቀጥ ብሎ!» ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንዳንዱ ደግሞ ያሠራሁት እኔ መሆኔን ያውቅና ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደርገኛል። እጁን መንጭቄ ብወረውርለት ደስ ባለኝ። ስለዚያ ቤት ለጠየቀኝ ሰው ደህና አድርጌ መልሼ አላውቅም፤ አጉረምርሜ ነው የማልፈው። አሁን አርጅቻለሁና ልጻፈው፤ ምናልባት ይወጣልኝ ይሆናል።

ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ሦስት ዓመት በፊት ነው። አባቴ ከሠራዊቱ ጋር ሐረር ገብቶ በዚያው የቀረ ሰው ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ከሚሲዮኖች ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና ሒሳብ ተምሬ፣ ድሬዳዋ ከአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሥር ሆኜ ፕላን መሳልና ሸክም ማስላት ለመድኩ። አንድ ግራዝማች ጀጎል ውስጥ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆነ ቤት በሲሚንቶና በብረት ላሠራ ብለው ሲነሡ መሐንዲሱ ፕላኑን ነደፈ፣ እኔ ሥራውን የምቆጣጠር አሠሪ ሆኜ ተሾምኩ። ያኔ «አርማታ» የሚለው ቃል ገና አልመጣልንም፤ ሁላችንም በደፈናው «ሲሚንቶ» ነበር የምንለው። መሐንዲሱ መሠረት ሳይወጣ ወደ አገሩ ተሳፈረ። የሚገርመው፣ ከእነዚያ ሁሉ ወረቀቶች በአንዱም ላይ ብረቱ ለምን እዚያ ቦታ እንደሚቀመጥ አንድ መስመር አልጻፈም። ቁጥር ብቻ ነው። ሰውን የሚንቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው፤ እኔም ይህንኑ አመል ከእሱ ወርሼ ኖሯል።

ዋናው ግንበኛ የከተማዋ ተወላጅ የሆኑ አዛውንት ነበሩ። ከሠፈሩ ግድግዳ ግማሹ በእጃቸው ያለፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድንጋይ ሲመርጡ አያገላብጡም፤ አንድ ጊዜ አይተው «ይኼ» ይላሉ፣ ይገጥማል። ቃላቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። እኔ «አባቴ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ሲሚንቶ ከዚያ በፊት ነክተው አያውቁም ነበር፤ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ውሃውን ከእኔ በላይ መጠኑት።

ቦታው ጠባብ ነው። በአንድ ጎኑ መንገድ፣ በሌላው ጎኑ የአንዲት ባሏ የሞተባት የሐረሪ እናት ቤት አለ። ወደ እኛ በኩል ያለው ክፍላቸው ስፌት እየሰፉ የሚያድሩበት ነበር፤ ያ ክፍል ከሄደ እንጀራቸው ሄደ ማለት ነው። ግድግዳው አሮጌ ነው፣ ድንጋይና ጭቃ፣ ከታች በኩል ትንሽ ያበጠ። ጉድጓድ ከመክፈታችን በፊት ሴትዮዋ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ግራዝማችን አላነጋገሩም፤ እኔንም አላዩኝም። ግንበኛውን ብቻ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሏቸው። አዛውንቱ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው መለሱላቸው። ምን እንዳሉ ስጠይቃቸው «ከሥርሽ አንዲት ድንጋይ አልነካም፣ ግድግዳሽም አይነቃነቅም አልኳት። በእኛ ዘንድ ግንበኛ ይህን ሳይል ከጎረቤት ጎን አይቆፍርም» አሉኝ።

የሥራው ጭንቅ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ከሴትዮዋ ግድግዳ ሥር መቆፈር ካልተቻለ በዚያ በኩል ያሉት ሦስት ዓምዶች ልክ ድንበሩ ላይ ይቆማሉ፤ መሠረታቸው ግን ወደ እኛ ብቻ ነው የሚዘረጋው። ዓምድ በመሠረቱ መሀል ሲቆም ሸክሙን ለመሬቱ እኩል ያካፍላል። ከዳር ሲቆም ግን ጭነቱ ሁሉ በዚያ ዳር ይከመራል፤ በወዲያ ጫፍ ያለው መሬት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የተጫነው ዳር እየሰመጠ ይሄዳል፣ የዓምዱም ጫፍ ወደ ጎረቤት ያዘነብላል። እኛ ዘንድ ጎረቤት ማለት ደግሞ ያ ያበጠ ግድግዳ ነው።

መሐንዲሱ ለዚህ መላ አበጅቶ ነበር። እያንዳንዱን የዳር መሠረት ከውስጠኛው ዓምድ መሠረት ጋር በመሬት ውስጥ በሚሄድ ጠንካራ የሲሚንቶ ማሰሪያ አያይዞታል። የዳሩ ሊጋደል ሲል የውስጡ ወደ ታች ይዞ ያስቀረዋል። ግራዝማች ይህን ስነግራቸው ፕላኑን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉና «ይኼ ከመሬት በታች የሚቀበረው ነው?» አሉኝ።

«አዎን፣ ግራዝማች።»

«የማይታይ?»

«የማይታይ ነው፤ ግን—»

«ስለዚህ ብረቱን ለሰገነቱ አድርገው። ሰገነቱ ይታያል።»

በቃ። ለዚያ ሰገነት ሲሉ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ወደ ፈረስ መጋላ የሚያልፈውን ሰው ቁልቁል የሚያዩበት ሰገነት! ተከራከርኩ፤ ሒሳቡን አሳየሁ፤ ከዳር ያለው ጭነት ከመሀሉ ሁለት እጥፍ እንደሚሆን በጣቴ አመለከትኩ። «አንተ ልጅ፣ ፈረንጁ ያላስተማረህ ነገር ቢኖር አጭር መናገር ነው» አሉና ሄዱ። በዙሪያቸው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ያችን ፈገግታ ዛሬም ከፊቴ ላይ ላላቅቃት አልቻልኩም።

ከዚያ ራሴ ልነድፈው ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከወረቀት አልተነሣሁም። መጀመሪያ ያሰብኩት ማንም እንደሚያስበው ነው፤ መሠረቱን ወደ እኛ በኩል ማርዘም። ሳሰላው ባሰ። ወደ ውስጥ ባረዘምኩት ቁጥር መሀሉ ከዓምዱ ይርቃል፣ ዓምዱም የባሰ ዳር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ገለበጥኩት። ወደ ውስጥ አሳጥሬ ግድግዳውን ተከትዬ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አረዘምኩት፤ ውፍረቱንም ጨመርኩ። አሁን ዓምዱና የመሠረቱ መሀል ተቀራረቡ። የቀረችውን ጥቂት መዛባት ዓምዱ ራሱ ይሸከማት ብዬ፣ በሴትዮዋ ግድግዳ በኩል ያሉትን የዓምዱን ብረቶች አወፈርኩ፤ ከታችም ወደ ውስጥ ቀልሼ ከመሠረቱ ብረት ጋር አሰርኳቸው። የዓምዱን የላይ ጫፍ ደግሞ የፎቁ ወለል ይይዘዋል። የመሠረቱ ብረት በሁለት አቅጣጫ፣ ከሥር፣ ከመሬቱ አራት ጣት ብቻ ከፍ ብሎ እንዲተኛ አደረግሁ። ሥራው ያማረ ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ነድፌአለሁ፣ ያን ያህል የኮራሁበት የለም።

ለአዛውንቱ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ነገርኳቸው። «አባቴ፣ ብረቱ ከታች ነው። አራት ጣት።» ወደ ጉድጓዱ አዩ፣ ወደ ብረቱ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «አራት ጣት» አሉ። ለምን እንደሆነ ላስረዳቸው አሰብኩ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዴት አድርጌ? አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲገነቡ የኖሩ፣ በሠራተኞቻቸው ፊት እንደ ተማሪ አስቀምጬ «ሸክም ማለት እንዲህ ነው» ልበላቸው? ነውር መሰለኝ። ዝም አልኩ። ጨዋ ነኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ስለዚያ ጨዋነቴ ዛሬ ምን እንደምል አላውቅም።

በማግስቱ የቀረውን ሲሚንቶ ለመረከብ ድሬዳዋ ወረድኩ። ባቡሩ ዘገየ፣ ጉምሩኩ አንገላታኝ። በአምስተኛው ቀን ስመለስ የመጀመሪያው መሠረት ተሞልቶ ደርቆ ጠበቀኝ። ላዩ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው። ለማመስገን አፌን እየከፈትኩ ሳለ፣ በአንዱ ጎን ሳንቃው ሲነሣ ብቅ ያለች የብረት ጫፍ አየሁ። ከሥር አራት ጣት ላይ አልነበረችም። ከመሠረቱ ወገብ በላይ ነበረች።

«ይኼን ማን አነሣው?»

«እኔ» አሉ አዛውንቱ በእርጋታ።

ያን ጊዜ የሆንኩትን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ጮህኩ። «እርስዎ» ማለቱን ትቼ «አንተ» አልኳቸው። ዕድሜህን ሁሉ ጭቃ ስታቦካ ኖረህ ዛሬ ብረት አዋቂ ሆንክብኝ አልኩ። ቤት ልታፈርስ ነው የመጣኸው አልኩ። ሠራተኞቹ እጃቸውን ከሥራ ላይ አንሥተው መሬት መሬት ያያሉ። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ኩፊያቸውን አውልቀው እንደገና አጠለቁት፣ እሱ ብቻ ነው።

ጩኸቱን ሰምተው ግራዝማች ከመንገዱ ማዶ መጡ። በአጭሩ እንድናገር ይወዱ የለ? በአጭሩ ነገርኳቸው፤ መሠረቱ መፍረስ አለበት አልኩ። «መሬት ውስጥ ገብቶ ማን ሊያየው ነው?» አሉ። «ሲሚንቶዬን ድንጋይ ካደረጋችሁት በኋላ መልሳችሁ ልትፈጩት? እንዳትነኩት! ከጅጅጋ እስክመለስ የዓምዱን የሳንቃ ቅርጽ አቁመህ ልይ።» እሺ አልኩ። ሽማግሌውን ያን ያህል ያዋረደ አንደበቴ ለግራዝማች «እሺ» ብቻ ነበረው። በንዴቴ ውስጥ ምን ያህል ፍርሃት እንደነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሠራተኛው ለምሳ ሲበተን አዛውንቱ አጠገቤ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እንዲያ ስትጮህ እኔ እኮ ስህተትህን የሸፈንኩልህ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

«የእኔን ስህተት?»

«በጌይ፣ በእኛ በሐረሪዎች ግድግዳ ውስጥ እንጨት እናስገባለን፤ ግንቡን የሚያስረው እሱ ነው። እንጨቱን ግን ወደ መሬት አናስጠጋም፤ ምስጥ ይበላዋል፣ እርጥበት ያበሰብሰዋል። አንተ ብረቱን እርጥብ አፈር ላይ አስተኙ ስትል ሰው ሁሉ ሰማ። ይዝጋል አልኩ በልቤ። በሰው ፊት ተሳስተሃል ብልህ ታፍራለህ። ስለዚህ ዝም ብዬ፣ አንተ ስትሄድ ከፍ አደረግሁልህ። ወላሂ ለክፉ አይደለም።»

እኔ እሳቸውን ላለማሳፈር ዝም አልኩ፤ እሳቸው እኔን ላለማሳፈር ዝም አሉ። በሁለታችን አክብሮት መሀል የአንዲት ሴት ቤት ሊፈርስ ነው። ለካ መከባበራችን ቃል እንዳንለዋወጥ ብቻ ነበር የረዳን። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ የሆነ ነገር ብሰብር ደስ ይለኛል።

ከዚያ አስረዳሁ፤ መጀመሪያ ላደርገው የሚገባኝን። ጥግ ላይ ግማሽ የደረቀ የጭቃ ቂጣ ነበር፤ ሰው ጡብ ሊሠራ ጀምሮ የተወው። አንሥቼ ሰጠኋቸው። «አውራ ጣትዎን መሀሉ ላይ ይጫኑ፤ እሱ ዓምዱ ነው። በሌሎቹ ጣቶችዎ ጫፍ ጫፉን ከታች ወደ ላይ ይግፉ፤ እነሱ መሬቱ ናቸው» አልኩ። ገፉ። ገለበጡትና አዩት። ስንጥቁ የጀመረው ከታች ነው፤ ላዩ ምንም አልሆነም።

ስንጥቁን በጥፍራቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት። «መሬት ወደ ላይ ይገፋል ማለት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«የተጫነውን ያህል ይገፋል።»

«ሱብሃነላህ። ይህን ሁሉ ዘመን መሬት ዝም ብሎ የተኛ ይመስለኝ ነበር።» ቂጣውን እንደገና አገላበጡት። «ብረቱ እንግዲህ የሚሰነጠቀውን ቦታ የሚይዝ እጅ ነው። እኔ እጁን ካልታመመው ቦታ ላይ አኖርኩት። ዝገቱስ?»

«አራት ጣት ሲሚንቶ ከሸፈነው እርጥበቱ አይደርስበትም። ለዚህ ነው መሬቱ ላይ ያላስተኛሁት።»

በጥቂት ቃል ገባቸው። ለእኔ ሁለት ዓመት የፈጀብኝ ነገር ነው። ብረቱን ከማስቀመጣቸው በፊት ይህችን ታህል ጊዜ ብሰጣቸው ኖሮ ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው አያስፈልግም ነበር።

ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ይፈርሳል» አሉ።

«ግራዝማች ከልክለዋል።»

«ለሴትዮዋ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ግራዝማች አይደሉም። ግን አሠሪው አንተ ነህ። አንተ ካላልክ አልነካም።»

ወደ ሴትዮዋ ግድግዳ ዞር ብዬ አየሁ። ከወዲያ በኩል ስፌት የሚሰፉ ሴቶች ይጫወቱ ነበር፤ ድምፃቸው በድንጋዩ አልፎ ይሰማል። «ይፍረስ» አልኩ። ይህን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፌ የወጣ ነው፣ በድፍረት፣ በደህና ድምፅ።

ሁለት ቀን ፈጀ። ግንበኛው በዚያ ዕድሜያቸው ድጅኖ ይዘው ከወጣቶቹ እኩል ወረዱ፤ ወደ ሴትዮዋ ግድግዳ በኩል ያለውን ዳር ለማንም አልሰጡም፣ ንዝረት እንዳይደርስበት በመዶሻና በመሮ ቀስ እያሉ ራሳቸው ፈለፈሉት። የጎበጡትን ብረቶች አቀናን። አራት ጣት ውፍረት ያላቸው ጥርብ ድንጋዮች ከሥር ደርድረው፣ ብረቱን በላያቸው አስተኝተው፣ በእያንዳንዱ ላይ መዳፋቸውን እየጫኑ አንድ በአንድ ፈተኑ። ለሠራተኞቹም በኦሮምኛም በራሳቸው ቋንቋም ያንን የጭቃ ቂጣ ነገር አስረዱ። ከእኔ ይልቅ አሳምረው ነው ያስረዱት።

ሊሞላ ሲል ግራዝማች ከቀናቸው ቀድመው ከተፍ አሉ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ስብርባሪውን አዩ።

«ማን ነው ያስፈረሰው?»

ፕላኑን በእጄ ይዤ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። ጥያቄው የቀረበው ለእኔ ነው፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው፣ «እኔ» የምትል። ሹመቴን አሰብኩ፤ ከኋላቸው የቆመውን ጅራፍ የያዘ ዘበኛ አየሁ፤ ደግሞም ምናልባት ሌላ ሰው ይናገር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። በእርግጥም ሌላ ሰው ተናገረ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አሉ አዛውንቱ ከጉድጓዱ ውስጥ። «ብረቱን ያበላሸሁት እኔ፣ ያፈረስኩትም እኔ። ልጁ የለበትም።»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ቢያዩኝ ኖሮ ምናልባት እናገር ነበር እላለሁ ለራሴ፤ ውሸቴን ነው። ዘበኛው ክንዳቸውን ይዞ ከጉድጓዱ አወጣቸው፣ በሠራተኞቻቸው ፊት እየገፋ እስከ መንገዱ ወሰዳቸው። መሮና መዶሻቸው ኋላ ተወረወረላቸው። «በዚህ ከተማ የሹም ቤት እንዳትነካ!» አሉ ግራዝማች፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በል ሙላው» አሉኝ፤ ሞላሁት።

የቀሩትን ሁለቱን መሠረቶች በዚያው ዓይነት አሠራሁ። የአዛውንቱ ሠራተኞች ለእኔ ይታዘዙ ነበር፣ አይናገሩኝም ነበር እንጂ። አንድ ቀን ወደ ኤረር በር ስወርድ አገኘኋቸው፤ የአንድ ነጋዴ የአህያ በረት ግድግዳ በጭቃ ይጠግናሉ። ሰላም ልበላቸው አልበላቸው ስል እሳቸው ቀደሙኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሦስቱንም አራት ጣት?» አሉ። አዎን አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። ይቅርታ ሳልል አለፍኩ። መንገድ ላይ አይሆንም፣ ቤታቸው ሄጄ ነው የምለው አልኩ፤ ቤታቸው አልሄድኩም። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ እሳቸው ሞተው ነበር።

ቤቱ አለቀ። ሰገነቱ ላይ ግራዝማች ተቀመጡ፣ ሹማምንቱ በሉ፣ ጠጡ። እኔንም ጠርተው «እንዲህ ነው ሥራ!» ብለው በሰው ሁሉ ፊት አወደሱኝ። ስወጣ በሩ ላይ ጎረቤቲቱ እናት ቆመው ይጠብቁኛል። አንድ የተሸፈነ ሙዳይ በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ቀዩና ጥቁሩ የተዋጣለት፣ የብዙ ወር ሥራ ነው። አማርኛቸው ትንሽ ነበርና ቃል በቃል እየፈለጉ ተናገሩ።

«ግድግዳዬን ሁልጊዜ እጄን አድርጌ አያለሁ። አልተሰነጠቀም። ያ ሽማግሌ ቃሉን አጠፋ፣ ሥራውን አበላሸ፣ ተባረረ አሉኝ። አንተ ነህ ያዳንከኝ። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ እጅህን ይባርከው።»

ሙዳዩን ተቀበልኩ። «አሜን» አልኩ።